ሁሉም የተሳለመው፣ ማንም ያልዳሰሰው እጅ

ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ የሕክምና ሥልጠና እንቃለሁ። ኋላ ከምታሙኝ ቀድሜ ልንገራችሁ። ባነሩን እንቃለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ የሚደረደረውን የታሸገ ውሃ እንቃለሁ፤ "የተከበሩ" እየተባለ በየተራ የሚጨበጨብለትን ሰው እንቃለሁ። ከሁሉም የምንቀው ግን ስለ ሰው ሥጋና ደም በስክሪን ቀስት እየተጠቆመ ሲወራ ራሱን እየነቀነቀ፣ በልቡ የሻይ ዕረፍት የሚናፍቀውን ሠልጣኝ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይባል የለ? ያው ነው።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ታዲያ እንዲህ ያለ ሥልጠና ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን። አሠልጣኟም እኔው ነበርኩ።

ያኔ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ የደም ስር ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነበርኩ። የተማርኩት የተዘጋ ደም ስር ለመክፈት፣ የተበጠሰውን ለመቀጠል ነው። አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ግን እግራቸው ላይ የወጣው ሰማያዊ ሥር አጭር ቀሚስ አላስለብስ ያላቸውን እመቤቶች በማከም ነበር። ደህና ኑሮ ነው፤ አልዋሻችሁም። ያን ሁሉ ዘመን ተምሬ የቀሚስ ችግር ፈቺ ሆኜ መቅረቴ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያበሽቀኛል፤ ብቻ ጠዋት ተነሥቼ እሄዳለሁ። ትውልዴ እነዋሪ ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቄስ ነበሩ። ይሄን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሥልጠናው ስለ እጅና እግር የደም ስር ጉዳት ነበር። አስተባባሪው አቶ ምንተስኖት ይባላል። ሐኪም አይደለም፤ የመርሐ ግብር ሰው ነው። "መርሐ ግብሩ" ሲል ስለ ታቦት የሚያወራ ይመስላል። ገና ከመጀመራችን የበግ ደም ስር ከቄራ እንዲያስመጣልኝ ጠየቅሁት። ደብረ ብርሃን ላይ በግ ቸግሮ አያውቅም። የበግ ደም ስር ከሰው ደም ስር ብዙም አይርቅም፤ ሐኪምም መስፋት የሚማረው በመስፋት ነው።

"ዶክተር፣ ምንጣፉ አዲስ ነው" አለኝ።

"የቱ ምንጣፍ?"

"የአዳራሹ። ደግሞ ይሸታል። የክብር እንግዳም ይመጣሉ። በስላይድ ቢያሳዩዋቸው አይሻልም?"

በስላይድ! ይሄ ሰው ልጁን ዋና የሚያስተምረው ስላይድ እያሳየ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት ለሠልጣኞቹ ነገርኳቸው። "መስፋት የፈለገ ነገ ማለዳ ከቄራ ደም ስር ይዞ ሆቴሉ ማዕድ ቤት ጀርባ ይምጣ። ክሩና መርፌው ከእኔ" አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አዳራሽ ሙሉ ሰው።

በነጋታው የመጣው አንድ ሰው ነው። ዶክተር ብሩክ ይባላል፤ የከተማው ሆስፒታል ወጣት ቀዶ ሐኪም። የጃኬቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው ስቦ፣ በፌስታል የበግ ደም ስር አንጠልጥሎ መጣ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን ሥራ ጀመርን። ሰፋ፤ አስፈታሁት። ደግሞ ሰፋ፤ ደግሞ አስፈታሁት።

"እጅህ ይንቀጠቀጣል" አልኩት።

"ብርዱ ነው ዶክተር።"

"ሰበብ አትስጠኝ። በሽተኛህ፣ ሐኪሙ በርዶታል ብሎ ደሙን አያቆምልህም።"

ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ አሞቀና እንደገና ጀመረ። የአዳራሹ ቁርስ ተበልቶ እስኪያልቅ ሰፋ። በመጨረሻ የሰፋውን ውሃ ሞላሁበት፤ አልፈሰሰም። "ይሁን" አልኩት። ከእኔ አፍ "ይሁን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

በመዝጊያው ዕለት ከምሳ በኋላ አቶ ምንተስኖት "የመስክ ምልከታ" አለ ብሎ አወጀ። ምልከታ ያለው ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ ፎቶ መነሣት ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ቀደመ፤ ከበላይ የመጡት የክብር እንግዳ ተከተሉ፤ ከእሳቸው ኋላ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ፣ ከዚያ ሠልጣኞቹ፣ በመጨረሻ እኔ። በሽተኛ የተኛባቸውን ክፍሎች በር በሩን እያየን አለፍን። ካሜራው ያልገባበት ክፍል ማንም አልገባም።

ድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ላይ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ባለቤታቸው። የቄሱ ቀኝ ክንድ በካርቶንና በፋሻ ታስሮ በነጠላ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል። ከነጠላው ጫፍ ጣቶቻቸው ወጥተዋል፤ ጣቶቻቸው የእጅ መስቀል ጨብጠዋል። ግራ እጃቸው ቀኙን ከሥር ደግፎታል።

ካሜራ ባለበት ቦታ ትሕትና አይጠፋም። የክብር እንግዳው ኮታቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ቄሱ በግራ እጃቸው ቀኙን ወደ ላይ ገፋ አድርገው መስቀሉን ግንባራቸውን አስነኳቸው፤ ከዚያ ከንፈራቸውን። "እግዚአብሔር ይባርክዎ" አሉ። ካሜራው ብልጭ አለ። አስተዳዳሪው ቀጠለ። አቶ ምንተስኖት ቀጠለ። ከዚያ ሐኪሞቹ፣ ስለ እጅና እግር ጉዳት ሲሠለጥኑ የሰነበቱት ሐኪሞች፣ አንድ በአንድ እጁ ላይ ጎንበስ እያሉ ተሳለሙና አለፉ። ማለዳ ማዕድ ቤት ጀርባ ሲሰፋ የነበረው ብሩክም ተሳለመና አለፈ።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ያደግሁት ቄስ ቤት ነው፤ መስቀል አይቶ ማለፍ እግሬ እሺ አይለኝም። ጎንበስ አልኩ። "ይፍቱኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ።"

ከመስቀሉ ጋር ጠቋሚ ጣታቸው ከንፈሬን ነካው። ደብረ ብርሃን ላይ ቀዝቃዛ ያልሆነ ነገር የለም፤ የበር እጀታው፣ ወንበሩ፣ የሰው አፍንጫ፣ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው። ይሄ ግን ሌላ ነበር። ከሥር የደገፈው ግራ እጃቸው አገጬን ነክቶኛል፤ እሱ ብርድ የያዘው የሰው እጅ ነው። የቀኙ ጣት ግን ከመስቀሉ ብረት የሚለይበት ነገር አልነበረም።

ቀና አልኩና አንጓቸውን ያዝኩ። ትርታ የለም። ቦታ ቀይሬ ዳሰስኩ። የለም። ግራውን ያዝኩ፤ ቱክ ቱክ ይላል። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር ጫን አድርጌ ለቀቅሁት፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሳየው ጣቶቹ ሁሉ የሻማ መልክ ይዘዋል። ይህ ሁሉ ሰው ሲስመው ነበር!

"መምሬ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ማለዳ ከበቅሎ ወደቅሁ ልጄ። ከአንኮበር በታች ነን፤ አንድ ቤት ጠበል ልረጭ ስወርድ በቅሎዪቱን ጭቃው አዳለጣት። መስቀሉ መሬት እንዳይነካ ብዬ እጄን ሽቅብ ብይዝ በክርኔ አረፍኩ።"

"ማን አያቸው?" አልኩ ወደ ባለቤታቸው ዞሬ። እትዬ አስካለ ይባላሉ።

"ኧረ ያላያቸው ማን አለ! የጤና ጣቢያው ልጅ ተሳልሞ በካርቶን አሰረላቸው። እዚህ ስንደርስ በር ላይ ያለችው ልጅ ተሳልማ ወደ ራጅ ሰደደችን። ራጅ የሚያነሣውም ተሳለመ፣ ክርናቸው ወልቋል አለን። ከዚያ ጠብቁ ተባልን።"

"ምን ልትጠብቁ?"

"የሚመልሰው ሐኪም ሥልጠና ላይ ነው አሉን።"

ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ስቄ ነው የምናደደው። የእኚህ ሰው ክንድ ደም አጥቶ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ደም ያጣ ክንድ የሚያክሙት ሰዎች ደም ስላጣ ክንድ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ ነው። ያሠለጠንኳቸው ደግሞ እኔ!

ጣታቸውን ቆነጠጥኩ። "ይሰማዎታል?"

ቄሱ፣ መምሬ ኃይሉ ይባላሉ፣ ባለቤታቸውን አዩ። ከዚያ መሬት አዩ። "አይሰማኝም" አሉ ቀስ ብለው። "ከማለዳ ጀምሮ አይሰማኝም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ ልጄ? ሁሉም ይሳለማል፣ ያልፋል።" መስቀሉን እያዩ ጨመሩ። "እኔም ፈራሁ። አይሰማኝም ብል እጁ ሞቷል፣ ይቆረጥ ትሉኛላችሁ። እጁ የጎደለ ቄስ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ዝም ብዬ መስቀሉን ይዤ ብቆይ እግዚአብሔር ራሱ ይመልሰው ይሆናል ብዬ..."

አባቴ አንድ ክረምት መጥረቢያ ጣታቸውን ስቶት ሲያልፍ ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁ። ገበሬ እጁን ቢያጣ ከነልጆቹ ይቸገራል፤ ቄስ ሲያጣ ግን ከመቅደሱ ወጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ይቆማል። መምሬ ምን እንደፈሩ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ደም ያጣ ክንድ ብዙ አይታገሥም፤ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ሥጋው መሞት ይጀምራል። ማለዳ የወደቁ ሰው ናቸው፤ አሁን ከሰዓት ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ ለእኛ አድልቶ ነበር፤ ብርዱ። የቀዘቀዘ ሥጋ ትንሽ ይታገሣል። ያ ሁሉ ሰው የሚረግመው የደብረ ብርሃን ብርድ እዚያ ካየሁት ሹም ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርቶ ነበር።

"ኦፕራሲዮን ክፍል ይዘጋጅ" አልኩ።

"ዶክተር" አለ አቶ ምንተስኖት ሰዓቱን እያየ፣ "መዝጊያው ሊጀመር ነው። ሰርተፊኬቱን ከክብር እንግዳው ጋር የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። መርሐ ግብሩ ላይ..."

አስተዳዳሪው ጣልቃ ገባ። "ዶክተር፣ እርስዎ የዚህ ሆስፒታል ሠራተኛ አይደሉም። አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል? ሪፈር እንጻፍላቸውና አዲስ አበባ ይሂዱ።"

"አዲስ አበባ እስኪደርሱ፣ እዚያ ወረፋ እስኪደርሳቸው፣ እጃቸው ይሞታል።"

"ሪፈሩን አስቸኳይ ብለን እንጽፈዋለን።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። "ጻፍና ለራስህ ያዘው" ልለው አፌን ስከፍት ከኋላዬ ድምፅ ተሰማ።

"በሽተኛው የእኔ ናቸው።" ብሩክ ነው። ፊቱ ቀልቷል። "የዚህ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ በኃላፊነት የምሠራው እኔ ነኝ። ዶክተርን የማማክራቸው እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔ እጠየቃለሁ።" ከዚያ ወደ መምሬ ዞረ። "ቅድም ተሳልሜዎት አለፍኩ። ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። አሁን አትለፈኝ" አሉት መምሬ።

አስተዳዳሪው የክብር እንግዳውን አየ፤ የክብር እንግዳው ስልካቸውን አዩ። እኛ ሄድን።

መጀመሪያ ክርኑን ወደ ቦታው መለስነው። አንዳንዴ አጥንቱ ሲመለስ ደሙም ይመለሳል። አንጓቸውን ይዤ ጠበቅሁ። የለም። እንግዲህ ደም ስሩ ራሱ ተጎድቷል ማለት ነው። ከፍቶ ማየት ግድ ሆነ።

"ቆርጠሽ ትጥይዋለሽ?" አሉኝ መምሬ።

"አላውቅም መምሬ። መቀጠል እሞክራለሁ። እምቢ ካለ ግን ለሕይወትዎ ስል እቆርጠዋለሁ። ይሄን ሳይሰሙ ማደንዘዣ አልሰጥዎትም።"

እትዬ አስካለ አለቀሱ። "በሕይወት ይኑሩልኝ እንጂ እጅ ምን ይሠራልኛል የኔ እመቤት! ከቆረጥሽም ቁረጪ!"

"አስካለ፣ ተይ" አሉ መምሬ። ቁጣ አልነበረበትም። "ልጄ፣ ሞክሪ። ሌላ ሙያ የለኝም።"

የቀረው መስቀሉ ነበር። ጣቶቻቸው ደርቀው ተጣብቀዋል። አንዲት ነርስ ልትነካው ፈራች፤ እስካሁንም ያልተነካው በዚሁ ፍርሃት ነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከሥር ዘረጉ፤ እኔ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅሁ። መስቀሉ ነጠላው ላይ ወደቀ። እጁ ግን መስቀል እንደጨበጠ ቀረ፤ ባዶውን። ያን ጊዜ አስተዳዳሪውን በጥፊ ማለት ፈልጌ ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ ቀጫጭን ክሮቼ፣ መቆንጠጫዎቼና አጉሊ መነጽሬ ነበሩ። ለማሳያ ብዬ ያመጣኋቸውና "ጊዜ የለም" ተብሎ አዳራሹ ውስጥ ያልተከፈቱት ዕቃዎች ናቸው። ክርኑን ከፈትነው። ዋናው ደም ስር የተደቆሰ ያህል ጠቁሯል፤ ውስጡ በረጋ ደም ተዘግቷል። የተጎዳውን ቆርጬ አወጣሁ። በምትኩ ከእግራቸው የወሰድነውን ደም ስር መተካት ነበረብን፤ ላይኛው ጫፍ ይሰፋል፣ ታችኛው ጫፍ ይሰፋል። ላይኛውን ሰፋሁ።

"ታችኛው ያንተ ነው" አልኩት ብሩክን።

ዓይኑ ከጭምብሉ በላይ ፈጠጠ። "ዶክተር፣ ጊዜ የለንም፣ እርስዎ ቢሰፉት..."

"እኔ ክንዱን መክፈት አለብኝ። ደሙ ሲመለስ ሥጋው ያብጣል፤ ካልተከፈተ በራሱ ዕብጠት ታንቆ ይሞታል። ሁለት ሥራ አለ፣ ሁለት ሐኪም አለ። ስፋ።"

ሰፋ። እኔ ክንዱን እየከፈትኩ በጎን አየዋለሁ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። በመሀል በሩ ተንኳኳ፤ ነርሷ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና "ዶክተር፣ አቶ ምንተስኖት ናቸው። የክብር እንግዳው እየጠበቁ ነው ይላሉ" አለችኝ።

"ይጠብቁ በያቸው። መምሬም ከማለዳ ጀምሮ ጠብቀዋል።"

ብሩክ ጨረሰ። መቆንጠጫውን ለቀቅነው። ደሙ ገባ፤ ስፌቱ አላንጠባጠበም። እጁ ግን ነጭ ነው። ጠበቅን። ነጭ ነው። ብሩክ ሲተነፍስ ይሰማኛል። "የእኔ ስፌት ነው" አለ።

ስፌቱን ዳሰስኩት። ትርታው ስፌቱን አልፎ ይሄዳል፤ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። "አይደለም። ታች የረጋ ደም አለ። ስፌትህን ተወውና ከሱ ዝቅ ብለህ ደም ስሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ክፈትልኝ።" ጫፏ ላይ ፊኛ ያላት ቀጭን ቱቦ አለች፤ ወደ ደም ስሩ ተሰዳ ፊኛዋ ይነፋና የረጋውን ደም ጠርጋ ትወጣለች። አስገባሁ፤ ሳብኩ። ትንሽ ወጣ። እንደገና አስገባሁ። ክንዱ ውስጥ የነበረው ጥቁር ነገር እንደ ትል ተስቦ ወጣ። ዘጋነው። ለቀቅን።

አውራ ጣታቸው መጀመሪያ ቀላ። ከዚያ መዳፋቸው። ከዚያ ጠቋሚ ጣታቸው፣ ከንፈሬን የነካው። አንጓቸውን ያዝኩ። ቱክ አለ። ሌላ ቱክ። ብሩክን "ዳስስ" አልኩት። ዳሰሰና ዞር ብሎ ግድግዳ አየ። ማልቀሱን እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከኦፕራሲዮን ክፍል ስንወጣ መዝጊያው አልቆ ነበር። እኔ ያልተገኘሁበት ሰርተፊኬት ለሁሉም ታድሏል። ለብሩክ አልተሰጠውም፤ "በመዝጊያው አልተገኘም" ተብሎ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይህ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትለኝ፣ ኑሮዬን ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ ጥቂት እመቤቶችን ካከምኩ በኋላ ለቀቅሁ። አብዳለች ተባልኩ። አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው፤ ከለሚም ከደብረ ሲናም ይመጡልኛል፤ ከብሩክ ጋር ወጣት ሐኪሞችን እናስተምራለን። ሆቴል አልገባም። የበግ ደም ስር በፌስታል ይዞ ያልመጣ ሠልጣኝ ከበር ይመለሳል።

ስላይድ አላሳይም፤ አንድ ሥዕል ግን አለኝ። ያን ዕለት የተነሣው ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታትሞ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ከሥሩ "ትሕትና የተላበሰ አመራር" ተብሎ ተጽፎበታል። የክብር እንግዳው ጎንበስ ብለዋል፤ አስተዳዳሪው ተራ ይጠብቃል፤ ከኋላ የሐኪም ሰልፍ። አውርጄ ማስተማሪያ ክፍሌ ሰቀልኩት። ማንም አልጠየቀኝም፤ መውረዱንም ያየ ያለ አይመስለኝም። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ ፊቱ አቆመዋለሁና "ምን ታያለህ?" እለዋለሁ። አንዱ "አክብሮት" ይላል። አንዱ "ሃይማኖት" ይላል። "የአመራር ትሕትና" ብሎ ጽሑፉን ያነበበልኝም አለ። አልፎ አልፎ አንዱ ጠጋ ብሎ ያያል፤ ያያልና "ዶክተር፣ የቄሱ ጣት ለምን እንዲህ ነጣ?" ይለኛል። እሱን ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባዋለሁ።

አክብሮት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የቄስ ልጅ ነኝ ብያችኋለሁ። እኔም ጣቱ ከንፈሬን ባይነካኝ አልፌ ነበር። የምንቀው ሰውየውን ላለማየት የሚሰጠውን አክብሮት ነው። እናንተም ቤት አለ፤ ሽማግሌ አባታችሁን ጉልበት ስማችሁ ጉልበታቸውን ሳትጠይቁ የምትወጡ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

መምሬ ኃይሉ ትንሿ ጣታቸው እስካሁን ዳተኛ ናት። ሌሎቹ ይሠራሉ። ጣቶቻቸው መጨበጥ እስኪለምዱ ወራት ፈጅቷል፤ እትዬ አስካለ ባቄላ እያስለቀሙ ነው ያለማመዷቸው። ወደ መቅደሳቸው ተመልሰዋል፤ ይቀድሳሉ።

በቅርቡ ለምርመራ መጡ። ኮሪደሩ ላይ፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ከቧቸው መስቀል ያሳልማሉ። ስደርስ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ግራው ሳይደግፈው። ጎንበስ ከማለቴ በፊት አንጓቸውን ያዝኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እንደ ሰው ተሳለሚ እንጂ!" አሉ እየሳቁ። "ሰው እኮ ያያል!"

"ይየን መምሬ። ሰው ማየት ይልመድ።"

እጃቸውን ተዉልኝ። ትርታው ነበር። ከዚያ ተሳለምኩ።